ዳማው ከደጃችን ቆመ

ይድረስ ለምወድዎትና ለምሳሳልዎት አባቴ ለአቶ ሙለታ፣
አዲስ አበባ

አባባ፣ እንደምን ከርመዋል? እግርዎ እንዴት ነው? ቁስሉ ጠገገ? ሌሊቱስ እንቅልፍ ይሰጥዎታል? እኛ የጎባ ውርጭ ጥርሳችንን ከማንቀጫቀጩ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልክ ላይ ጆሮዎ እንቢ ስላለ፣ ወንድሜ ነገሪ ቀስ ብሎ እንዲያነብልዎት ነው መጻፌ።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ክራንች አልይዝም፣ አልራመድም ብለው ፊትዎን ወደ ግድግዳ ማዞርዎን ነገሪ ነግሮናል። «ፈረሴን ሽጡት፣ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል» ማለትዎን ስሰማ አለቀስኩ። ጎረቤታችን ዲኖ ከደሎ መና ገዢ አግኝቶልን ነበር፤ እማዬ ግን ሚካኤል ሳይገባ አይሆንም አለች።

ትናንት ታቦቱ ከጥምቀተ ባሕር ሲመለስ ቦታዎ ባዶ እንዳይሆን ብለን ዳማውን ይዘን ወጣን። ዲኖ ራሱ ጫነልን፤ ቀዩን ግላስ አለበሰው። እኔ ልጓሙን ይዤ ከፈረሰኞቹ መሃል ገባሁ። ደጃችን ስንደርስ ዳማው ቀጥ አለ። ብስበው፣ ብለምነው ንቅንቅ የለም። መንገዱ ጠባብ ነውና ከኋላችን ታቦቱም ቆመ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሚካኤል ከዚህ ቤት ስለት ፈልጎ ነው ተባለ። ቄስ መሸሻ እንኳ ያልገባ ስለት አለባችሁ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ለካስ እርስዎ በየዓመቱ እዚያች ቦታ ወርደው፣ ከደጃችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በእግርዎ ነው የሚስቡት። ዳማው እርስዎ ወርደው ልጓሙን እስኪይዙለት እየጠበቀ ነበር።

ነገሩ የገባት እማዬ ናት። ጣውንቴ እያለች የኖረችውን፣ አንድ ቀን እንኳ ነክታው የማታውቀውን ፈረስ! ካፖርትዎን ከቤት አምጥታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች፤ ልጓሙን ከእጄ ተቀብላ እንደ እርስዎ በኦሮምኛ «ኮቱ»፣ ና አለችው። ተከተላት። እስከ ቅጽሩ በር ጎን ለጎን ሄዱ፤ እንባዋንም አልጠረገችው። ቄስ መሸሻም ፈገግ ብለው ስለታችሁ ገባ አሉን።

ዲኖ ዛሬ ገዢውን መልሶታል። እማዬ እንዲህ በይልኝ ብላለች፦ ፈረሱን ባለቤቱ መጥቶ ይሽጠው። መጋለቡ ይቅር። ድሮም ከደጃችን እስከ ሚካኤል በእግሩ ነበር የሚሄደው፤ እሷን ታህል መንገድ ብቻ ይልመድ፤ እስከዚያ ልጓሙን እኔ እይዝለታለሁ።

ዲኖና ቤተሰቡ ይማርዎ ብለዋል። ነገሪን በጣም ናፍቀኸኛል በሉልኝ። ባለቤቱን ልደትን ስለ ማስታመሟ እማዬ ትመርቃታለች። ልጃቸውን ትንሿን ኡርጂን ጉንጯን ሳሙልኝ፤ ክራንቹንም እሷ ታቀብልዎት።

ልጅዎ ጂቱ ሙለታ
ጎባ፣ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.