ቀረሮው ላይ ስለሚወጣው ነባር የሰው ኃይል

ይድረስ ወጣቶቻችንን ለወቅት ሥራ ባሕር ማዶ ለሚልኩልን የተከበሩ ኃላፊ
ቦንጋ

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ትከሻዎ ደህና ነው? ስለ ትከሻዎ ለምን እንደጠየቅሁ መጨረሻ ላይ ያገኙታል። እኔ ሣህሌ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቢሆንም፣ ይህን ማንንም ሳላስቸግር በገዛ እጄ ጽፌ አንዱን ለእርስዎ ልኬ አንዱን ገበያው በር ላይ ለጥፌአለሁ።

አንደኛ፣ የእህቴን ልጅ ደምመላሽን ለፍራፍሬ ለቀማ ስለወሰዱልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። በመንደራችን ቀረሮ ዛፍ ላይ ወጥቶ የማር ቀፎ የሚያወርድ የቀረን እሱ ብቻ ነበር። ፎቶ ልኮልኛል፤ ከእኔ ቁመት በማይበልጥ ዛፍ ሥር የብረት ቆብ ደፍቶ፣ መታጠቂያ ታጥቆ ቆሟል። እዚህ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ቁልቁል በሚያይ ዛፍ ላይ በሐረግ ሲወጣ ግን ቆብ ይዞ የመጣ ቢሮ አላየንም።

ሁለተኛ፣ ምትክ ፍለጋ ሺሺንዳ ድረስ ሄጄ ወንድማገኝ የሚባል ጎረምሳ ብለምን፣ «ጋሼ፣ ሜዲካል ሳላልፍ እግሬ ቢሰበር እርስዎ ይሄዱልኛል?» አለኝ። ሌሎቹም ተራ ስለሚጠብቁ ከመሬት ከፍ አይሉም። ለእግራቸው ይህን ያህል ክብር ያስተማራችኋቸው እናንተ ናችሁና እግዜር ይስጥልን።

ሦስተኛ፣ መንደራችን መጥተው በጠሩት ስብሰባ ላይ የሄዱት የተዉትን ክፍተት «በነባር የሰው ኃይል እንሸፍናለን» ሲሉ አጨብጭቤያለሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ለካ ነባሩ የሰው ኃይል እኔ ነኝ። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ግራ ጉልበቴም ከተጣላኝ ቆይቷል። ስለ ሹመቱ አመሰግናለሁ።

የሚያስቸኩለኝ የባለቤቴ የበዛወርቅ ሙት ዓመት ስለደረሰ ነው። ማሩ እላይ ነው፤ ዝናቡ ሲከብድ ንቦቹ ራሳቸው ይጨርሱታል። ከገበያ ግዛ የሚለኝ አልጠፋም። ያንን ቀፎ ሳይሰቀል በእጇ ያጠነችው እሷ ናት፤ የእሷን ጠጅ በሌላ ሰው ማር አልጥልም።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ራሴ እወጣለሁ።

ጉልበቱ እስከፈቀደለት ድረስ እጅ የሚነሳዎ፣
የጽሕፈት ቤትዎ አዲስ ሠራተኛ፣
ሣህሌ

ማስታወሻ፦ ገመዱን ከሥር የሚይዝልኝ ስለሌለ፣ በስብሰባው ከጎንዎ የተቀመጡትን ይዘው ቢመጡ ደስ ይለኛል። ጠዋት ካልተመቻችሁ ከሰዓት በኋላ ኑ። የእድራችን ቃሬዛ ተሸካሚዎችም በእናንተው ተመዝግበው ሄደዋልና፣ ትከሻዎን የጠየቅሁት ለዚያ ነው።