ርገጪ፣ ያዢ፣ ልቀቂ

ለምወድሽ እናቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? አክስቴስ ደህና ናት? እኔ ከናፍቆትሽና ከጥፍሬ ሥር አልወጣ ካለው ግራሶ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። አባዬም ደህና ነው። ደህና ነው የምልሽ ከወገቡ በታች ያለውን አይቼ ነው፤ ከወገቡ በላይማ ሰሞኑን መኪና ሥር ነው የሚውለው።

መቼም አትረሺውም። በጓደኛሽ ልጅ ሠርግ ቀን አሮጊቷ ቮልቮ መኪናችን አደባባይ መሀል ተገትራ፣ አንቺ በዚያ ቀሚስሽ ስትገፊ፣ እሱ መሪውን ይዞ ትንሽ ጠንከር አድርጊው ሲልሽ! በማግስቱ ሻንጣሽን አንስተሽ ወደ አክስቴ ስትሄጂ፣ ይህች ቆርቆሮ ራሷ በእግሯ መጥታ ካልወሰደችኝ ወደዚህ ቤት አልመለስም ብለሽ ነው የወጣሽው። እኔም ጎረቤትም የገባን በቃኝ ማለትሽ ነው። አባዬ ግን ሲያሰላስል ሰንብቶ፣ እናትሽ እምቢ አላለችም፤ የምትመለስበትን መንገድ ነው የነገረችን አለኝና ቱታውን ለበሰ።

መካኒክ እንጥራ ስለው ደሙ ፈላ። አንቺን ልጄን ከማዋለጃ ቤት ያመጣሁባትን መኪና ባዳ አይነካትም አለ። ካምቢዮውን አወረደ፣ የፍሪሲዮኑን ዲስክ ቀየረ፣ መልሶ ገጠመ። ማርሽ አልገባ አለ። ደግሞ ፈታው። ለካስ ዲስኩን ገልብጦ ነው የገጠመው! ላዩ ላይ ይህ ወገን ወደ ሞተር የሚል ተጽፎበታል። አባዬ አነበበ፣ መነጽሩን ወልውሎ እንደገና አነበበና ፊደሉ አንሷል አለ። ሳቄን ለማፈን ስል ታንቄ ልሞት ነበር።

ከዚያ በኋላ እጁን የሚያስቆመው ጠፋ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ የወንበር ልብስ ሰፋችለት፤ በአንቺ በኩል ለወገብሽ ስፖንጅ ጨምሮበታል። በመዳፍሽ እየደገፍሽ የምትዘጊው መስኮት ትዝ ይልሻል? ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ትንሽ ሞተር ፈልጎ ገጠመለት፤ አሁን በጣትሽ ስትነኪው በኤሌክትሪክ ይወጣል ይወርዳል። የአንቺ ብቻ ነው እንግዲህ። የእሱ እስከ ዛሬም በእጅ ይጠመዘዛል።

በመጨረሻ ፍሪሲዮኑ ውስጥ የቀረውን አየር ማስወጣት ነበረብን። ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ሌላው ከሥር ሆኖ ቡሎኑን ይፈታል፣ ያጠብቃል። እኔ ወንበሩ ላይ፣ እሱ ከሥር። ርገጪ ይለኛል፣ ያዢ ይለኛል፣ ልቀቂ ይለኛል። እንዲህ እየተባባልን ሳለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እናትሽ እዚያ ትስቃለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አክስቴ እንደነገረችኝ በደንብ ትስቃለች አልኩት።  እግሬ ፔዳሉ ላይ እስኪንቀጠቀጥ ብጠብቅ ልቀቂ የሚለኝ ጠፋ። ምነው አባዬ ስለው፣ መፍቻው ጠፍቶብኝ ነው አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ መፍቻው እጁ ላይ ነው።

እማዬ፣ በጣም ናፍቀሽናል። እሱ እንደሆነ አፉ ከመኪና ወሬ ሌላ አያውቅም፤ ስለዚህ እኔ ልናገርለት።

ዛሬ ጠዋት ማርሹ ሁሉ ገባ፣ የኋላውም ሳይቀር። ሰፈሩን ስንዞር ልብስ ሰፊዋ መቀሷን ይዛ ወጥታ እልል አለች። አባዬ ለሰፈሩ ሊያሳይ ብሎ ሦስት ጊዜ አዞረኝ፤ በሦስተኛው ማንም ዞር ብሎ አላየንም።

ይህን ደብዳቤ ለፖስታ ቤት አልሰጠሁትም፤ ያመጣልሽ ሰው አሁን አክስቴ በር ላይ ቆሟል። ምን እንደጻፍኩ አያውቅም፣ እንዳይከፍተው አስምዬዋለሁ። ፀጉሩን ተስተካክሏል፤ ጆሮው አካባቢ ትንሽ አብዝተውበታል፣ አደራ እንዳትስቂበት። ግባ በይው አልልሽም፣ ያ የአንቺ ፈንታ ነው። ብቻ የማስነሻውን ሞተሪኖ ገና አልቀየርነውም፤ ሞተሩ አንዴ ከጠፋ ከመግፋት በቀር የሚያስነሳው የለም። ስለዚህ ሳያጠፋው ነው የሚጠብቅሽ። መልሱን በጽሑፍ ከምትልኪልኝ በአፍሽ ብትነግሪው ይሻላል።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። መንገዱን ያቅናላችሁ።

ለሦስት ሰው ራት እየሠራች ያለች ልጅሽ