የአባባ ዱዓ

ሐይቅ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

ወንድሜ ኑርሁሴን፣ አሰላሙ ዐለይኩም። የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ከናፍቆትህ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዝናቡ ገብቷል፤ በሬ የሚጠምድልን ሰው ስላጣን ጤፉን ገና አልዘራንም።

ሰሞኑን በገበሬ ማኅበሩ የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ውይይት ነበር። ካድሬው ከጧት እስከ ዙሁር አንቀጽ በአንቀጽ አነበበልን። የአባባን ጆሮ መቼም ታውቀዋለህ። ካድሬው ዝም ሲል ስብሰባው ያለቀ መስሏቸው፣ እንደ ልማዳቸው ለዱዓ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ለካ ሰውዬው «የሚቃወም እጁን ያውጣ» ብሎ ነው ዝም ያለው! አጠገባቸው ያሉት ሽማግሌዎችም ከልማድ የተነሳ «አሚን» አሉ። ካድሬው ሳቀ፤ የአባባን ስም ግን ጻፈ።

በማግስቱ ለጥያቄ ደሴ ወሰዷቸው። «ዛሬውኑ ለዐስር ሰላት ይመለሳሉ፣ ጋቢም አያስፈልጋቸውም» አሉን። ይኸው አሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ትናንት ደግሞ ጋቢያቸውን ላኩ ተባልን። አጥቤ ላክሁላቸው። ደሴ በሐምሌ ይበርዳል፤ ለዚያ ይሆናል።

ለዓረፋ እንዳትመጣ፤ መንገዱ ጭቃ ነው።

አላህ ካንተ ጋር ይሁን፣ ወንድምዬ። ዱዓ አድርግልን። ብቻ ሰው ፊት እጅህን አትዘርጋ።

እህትህ ፈዲላ