ያጠበብኩት ዩኒፎርም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን

ይድረስ ለልጄ አባት፣

እንዴት ከርመሃል? ሥራው፣ ያ የወገብ ሕመምህስ? እኛ ደህና ነን ብዬ እንዳልጀምር፣ ያለፈውን ወር ደህና አልነበርንም። ጥፋቱ ደግሞ የአንተ ብቻ አይደለም። መርፌውን የያዘው የእኔ እጅ ነው።

ባለፈው ወር ስትደውል ልጃችን ወፍራ ልብሷ እንደጠበባት ብነግርህ «ዩኒፎርሟን እንዳታሰፊላት፤ እንዲያውም አጥብቢው፣ ሲጨንቃት ትቀንሳለች» አልከኝ። አንተ ጨርቅ ቆራጭ፣ እኔ ልብስ ሰፊ፤ ሁለታችንም የሰው ገላ በመቀስ የሚስተካከል መሰለን። ቀሚሷን ከግራና ከቀኝ አንድ አንድ ጣት አጠበብኩት። ቁርሷን ነሳኋት፣ እራቷን በሻይ አሳለፍኩት፣ የምግብ ቁምሳጥኑን ቆለፍኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ኪሎ ቀነሰች፤ አንተም «አላልኩሽም?» አልክ። በሦስተኛው ሳምንት የስፌት ክፍሌ ገብታ ለሻይ ያስቀመጥኩትን ስኳር በማንኪያ ስትቅም ያዝኳት።

«እማዬ፣ ሆዴ ዝም አላለኝም» አለችኝ።

«ሆዳም!» አልኳት። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

በማግስቱ ጥያቄ ልትመልስ ከመቀመጫዋ ስትነሳ የቀሚሷ ዚፕ ተተረተረ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ደብተሯን ጥላ እያለቀሰች መጣች፤ ስምንት ቀን ከቤት አልወጣችም።

ጤና ጣቢያ ይዣት ስሄድ ሐኪሟ የተቆጣችው እኔን ነው። «እናት፣ ረሃብ ጠባይ አይደለም» አለችኝ። «ሆድ ባዶ ሲሆን ‹አምጡ› የሚል ሆርሞን ይልካል፤ ሲያስርቧት ይብስበታል። ከስቧ ደግሞ ‹በቃኝ› የሚል ሌላ ሆርሞን ይወጣል፤ ስብ ሲበዛ ግን አእምሮ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ታዲያ ይህቺ ልጅ ምን ታድርግ?» ለስላሳና ጣፋጭ ገብቶ ወዲያው እንደሚጠፋ፣ እንቁላል፣ ባቄላና አትክልት ግን አንጀት «ጠገብኩ» የሚለውን መልእክት እንዲልክ እንደሚያግዙ፣ ቆይተውም እንደሚይዙ ነገረችኝ። መድኃኒት ሳይሆን ቁርስ አዘዘችልን ብልህ ትስቅ ይሆናል። ሳቅ።

አሁን ጠዋት ጠዋት አብረን እንበላለን። ስኳር ፍለጋውን ትታለች። ኪሎዋን ግን አልነግርህም፤ እሱ የእሷና የሐኪሟ ጉዳይ ነው። ዩኒፎርሟንም ተርትሬ አስፍቼዋለሁ፤ ሁለተኛ አላጠብበውም፣ ብትቆጣም ተቆጣ። ድሮ ድንቡሼ እያልክ ጎረቤት ለጎረቤት እያዞርክ የኮራህባት ልጅ ናት እኮ!

ደግሞ በላክኸው ፎቶ ላይ የአንተም ሆድ ገፋ ብሏል። ሳጥን ውስጥ ያለውን ሱሪህን ሳትጠይቀኝ ሁለት ጣት አሰፋሁት። አንተን ሆዳም ያለህ የለም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ትናንት በሰማሁት ነገር ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጠገቤ ቆመች፤ «እማዬ፣ አባዬ ለእረፍት ሲመጣ አክስቴ ቤት ልደር? እስኪሄድ ብቻ» አለችኝ። ከእኔ አብልጣ የምትወድህ ልጅ! እኔም «ቤትሽ ነው፤ አንቺን ለማየት የሚያፍር ካለ እሱ እዚያ ይደር» አልኳት።

እንግዲህ ሳትሳፈር ወስን። እኔማ እንድትመጣ እፈልጋለሁ፤ ናፍቀኸኛል፣ ምን እደብቅሃለሁ። ግን እሷ ከምትወጣ አንተ ብትቀር እመርጣለሁ። እህትህ አልጋ ታንጥፍልህ ወይስ እኔ ላንጥፍ? በስልክ ንገረኝ፤ ግን መጀመሪያ ስልኩን የምታነሳው እሷ ናት።

ፈጣሪ ጤናህን አይንሳህ፣ መንገድህንም ያቅናልህ።

የልጅህ እናት