ሞተሩ የዘለላቸው እርምጃዎች

ሰኞ
ፓምፑ ቆመ። ሲስተር ሂሩት ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል ጠርታኝ ስደርስ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይገፋም። መድኃኒት የሞላ ሲሪንጅ ታስሮበት በጣም በዝግታ ወደ ሕፃኑ ደም ሥር የሚገፋ ማሽን ነው። ሁለት አሉን፤ አንደኛው ሌላ ሕፃን ላይ ነው። ይሄኛው ከኮንጋ የመጣች፣ ያለጊዜዋ የተወለደች ልጅ ላይ ነበር። የደም ግፊቷ ወርዷል። መድኃኒቱ ከበዛ ልቧን ይጎዳል፣ ካነሰ አይጠቅማትም። አሁን ሲስተር ጠብታውን በዓይኗ እየተከታተለች ትሰጣታለች። ሌሎችም ሕፃናት አሉባት።

ፈታሁት። ከሞተሩ የሽቦ ጥቅልሎች አንዱ ተቃጥሏል። ዲላ ውስጥ ምትክ የለም። አዲስ አበባ ደወልኩ። «እናጣራለን» አሉኝ። የሕክምና መሣሪያ የሚጠግን እኔ ብቻ ስለሆንኩ የማማክረውም ሰው የለም።

ማክሰኞ
የአሮጌ ፕሪንተር ሞተር አስቤ ነበር። ዓይነቱ አንድ ነው፤ ግን መጠኑም እርምጃውም አይገጥምም። ግምጃ ቤቱን ስበረብር የዚሁ ዓይነት የተጣለ ፓምፕ አገኘሁ። መብራት ሲዋዥቅ መቆጣጠሪያ ቦርዱ የነደደ ነው። ሞተሩ ደህና!

የልጅቷ አባት ታሪኩ በር ላይ ቆሞ ያየኛል። ኮንጋ ውስጥ በሞተር ሳይክል ሰው ያመላልሳል።
«ሞተር ከሆነ እኔም አውቃለሁ፤ ልርዳህ» አለኝ።
ይሄ ስቴፐር የሚባል ሌላ ዓይነት ነው አልኩት። መሃሉ ማግኔት ነው፤ ዙሪያውን ሽቦ ተጠምጥሟል። መብራት በየተራ ወደ ሽቦዎቹ ሲገባ ማግኔቱ ወደተጠራበት ትንሽ ትንሽ ይዞራል። አንድ ትእዛዝ፣ አንድ እርምጃ። ሲያቆሙት ባለበት ይጸናል። የፕሪንተር ወረቀት የሚስበው፣ ላብራቶሪ ውስጥ የደም ናሙና የሚያነሳውን ክንድ የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው።
«ታዲያ መድረሱን ማን ይነግረዋል?» አለ።
ማንም። ማሽኑ ትእዛዙን ቆጥሮ ደርሷል ብሎ ያምናል። ይህን ስመልስለት እኔኑ ከበደኝ።

ረቡዕ
ገጠምኩት፤ ዞረ። ሲስተር እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ሲሪንጁን ውኃ ሞልቼ፣ የወጣውን በመለኪያ ብልቃጥ አጠራቅሜ ከስክሪኑ ጋር አስተያየሁ። አይገናኝም። ደገምኩ። አንዳንዴ ልክ ነው፣ አንዳንዴ ይጎድላል። የሆነ ቦታ ሲከብደው እርምጃ ይዘላል፤ ቦርዱ ግን መቁጠሩን አያቆምም። ማንቂያውም አይጮኽም።

ዶክተር መጣ።
«ይዞራል አይደል? ስጠኝ።»
«ይዋሻል፣ ዶክተር።»
«የሲስተር እጅም ይሳሳታል። አንድ ሰው ስንቱን ሕፃን ይከታተል?»
«እሷ ስትሳሳት ታየዋለች። ይሄን ግን ሁሉም አምኖት ዞር ይላል።»
ዓይኑ ቀልቷል፤ ከትናንት ጀምሮ ቤቱ አልሄደም። ልጅቷን ሐዋሳ እንዳይልካት መንገዱን አትችለውም። «ደህና ነው ካላልከኝ አልወስደውም» አለ።
ደህና ነው አላልኩም።

ሐሙስ
ልጅቷ ሞተች። ጠዋት።

ታሪኩ በፎጣ ጠቅልሎ አቅፏት ወጣ። እናቷ አስቴር ግድግዳውን እየተደገፈች ተከተለችው። ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ። ፊቴን አላዞርም ብዬ ነበር፤ አዞርኩ።

ዓርብ
ማሽኑን እስከ መጨረሻው በታተንኩት። ሞተሩ ምንም አልሆነም። ሲሪንጁን የሚገፋው ክር ያለው ዘንግ በአንድ ዳዶ ውስጥ ያልፋል። ዳዶው ውስጥ የፈሰሰ ግሉኮስ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ እርምጃ ያስዘለለው እሱ ነው። ከውጭ ጠርጌው ነበር፤ ውስጡ ሳይፈቱት አይታይም። በሞቀ ውኃ አጠብኩት፣ ግራሶ ቀባሁት። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አለቀ። ይሄ ነው በቃ።

ስክሪኑና ብልቃጡ ተስማሙ። ደጋገምኩት። አሁንም ተስማሙ። ደስ አላለኝም።

ቅዳሜ
ፓምፑ ከጪጩ የመጣ ወንድ ልጅ ላይ ተገጠመ። ሲስተር ስክሪኑን ብቻ እንዳታምን፣ ሲሪንጁን እያየች እንድታመሳክር ተስማምተናል። እስካሁን ልክ ነው። ልጁ ቀለሙ ተመልሷል ትላለች።

ሻይ ቤት ዶክተር አጠገቤ ተቀመጠ። «ብትሰጠኝም ልጅቷ ልትሞት ትችል ነበር» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «ልትተርፍም ትችል ነበር።» ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ።

እሑድ
ለቅሶ ልደርስ ኮንጋ ሄድኩ። ደውዬለት ስለነበር ታሪኩ አስፋልቱ ዳር ጠብቆ በሞተሩ ወሰደኝ። አስቴር ደጅ፣ እንሰቱ ሥር ሰሌን ላይ ተቀምጣለች።
«ማሽኑ ረቡዕ ተሠርቷል ሲሉ ሰምቻለሁ። አንተ ነህ አሉ የከለከልከው።»
«አዎ።»
ለምን እንደሆነ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።
«ብትሰጣት ኖሮ ትኖር ነበር?»
መንገድ ላይ ያዘጋጀሁትን መልስ ተውኩት። «አላውቅም፣ አስቴር» አልኳት።
«ሁሉም ሰው የጌታ ፈቃድ ነው ይለኛል። አላውቅም ያልከኝ አንተ ብቻ ነህ።»
ይቅርታ ይሁን እርግማን አልገባኝም። ተነስታ ገባች። ስትመለስ ቆጮና ጎመን ይዛለች። ፊቴ አስቀመጠችው።
«ብላ» አለችኝ።
በላሁ።