መሐል ላይ የሚስቀው ዘፋኝ

ምሥራቅ ሃርለም፣ ቅዳሜ ማርች 9 ቀን 1991

ዛሬ ጠዋት ከምድር ቤት የወጣ፦ አራት ሣጥን ሸክላ፤ አንድ እጇ የተሰበረ የቅድስት ባርባራ ሐውልት፤ ገመዱን አይጥ የበላው የበሩ ድምፅ ማጉያ። ከሸክላዎቹ አርባ አንዱ አንድ ዓይነት ናቸው። ላስቲካቸው አልተቀደደም።

ውድ አበልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? አገር ቤት ፖንሴ ሙቀቱ እንደበረታ፣ አንተም የትምህርት ቤቱን አውቶብስ አሁንም እንደምትነዳ እህትህ ነግራኛለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ሰው ሲዘምር አፍህን እንደማትከፍት ጨምራ ነገረችኝ። እኔ ከስኳሩ በቀር ደኅና ነኝ። ሱቁን በወሩ መጨረሻ እዘጋለሁ። አላማርርም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ለአንድ ሸክላ ቤት ይበቃዋል።

ረቡዕ ዕለት ልጅህ ኔሬይዳ መጥታ ነበር። በባሏ ዘመዶች ፊት «አባቴ ዘፋኝ ነበር» ትላለች። የባሏ አጎት ደግሞ «እኔም ሻወር ውስጥ ዘፋኝ ነኝ፤ ውሃው ሲቀዘቅዝማ ድምፄ ከፍ ይላል!» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። እናቷን ብትጠይቅ፣ አንድም ሸክላ የላትም፤ የነበሩህን ሦስቱን ስትሄድ ደረጃው ላይ ሰባብረሃቸዋል። «የክርስትና እናቴ፣ አንቺ ሸክላ ነጋዴ ነሽ፤ አባቴ ዘፍኗል ወይስ ሲዋሸኝ ነው የኖረው?» አለችኝ። ዘፍኗል አልኳት። «ታዲያ የታለ?» አለች። እግሬ ሥር ነበር፣ ምድር ቤት ውስጥ።

የ1968ን ሴፕቴምበር አትረሳውም። «ከደረጃው ላይ ጥሪኝ»ን ስልሳ ቅጂ አምጥተህልኝ ነበር፤ ዘፈኑ ግማሹ በእኛው በስፓኒሽ፣ ግማሹ ከላይኛው ሰፈር ጥቁሮች በለመድከው እንግሊዝኛ። በበሩ ማጉያ ስለቀው ሴቶቹ የገበያ ዕቃቸውን መሬት አስቀምጠው ይጨፍሩ ነበር። በአራት ቀን አሥራ ዘጠኙ ተሸጠ።

በአምስተኛው ቀን አከፋፋዩ ዶን ዊልፍሪዶ መጣ። «እመቤት፣ ይሄ ልጅ ሁለት ቋንቋ አለው፣ አንድ ደጋፊ ግን የለውም። እስከ ገና አይደርስም። ከበሩ አውርደሽ የእኔን ዘፋኞች ልቀቂ፣ አዲስ ሸክላ ሁሉ ከሌላው ሁለት ቀን ቀድሞ ለአንቺ ይመጣል። እምቢ ካልሽም ከመንገዱ ማዶ ሌላ ሱቅ አለ» አለኝ። ሲጋራውን እስኪጨርስ አሰብኩ። ከዚያ መርፌውን አነሣሁ፤ የቀረውንም ምድር ቤት አስገባሁት።

ሰው መጠየቁን አላቆመም። «ያንን መሐል ላይ የሚስቀውን ልጅ ስጪኝ» ይሉኛል፤ ከሁለተኛው አዝማች በፊት ያመለጠህን ሳቅ ማለታቸው ነው። «አልቋል» እላለሁ። አንዲት አሮጊት ሦስት ጊዜ ተመላልሳ፣ «አልቋል፣ አልቋል! አንቺ ነሽ የበላሽው?» ብላኛለች።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ እናትህን ይዘህ መጣህ። ከፖንሴ ያስመጣሃት ዘፈንህ መንገድ ላይ ሲለቀቅ ልታሰማት ነበር፤ አዲስ ክራቫት አስረሃል። ከማጉያው የወጣው ግን የሌላ ሰው ትሮምፔት ነው። እናትህም «ልጄ፣ ይሄ አንተ ነህ?» አለችህ። እሷን በር ላይ ትተህ ገባህ፤ ድምፅህን ዝቅ አድርገህም «አበልጄ፣ ሌላው ሰው ያባብለኛል፤ አንቺ አትዋሺኝም። የሚጠይቅ አለ?» አልከኝ።

«አንድም ሰው አልጠየቀም» አልኩህ።

ገና አልፎ አዲስ ዓመት ሲገባ ሰፈር ውስጥ አልነበርክም። የሦስት ዓመት ልጅ ትተህ ሄድክ። የእኔ ሱቅ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ጨምሮ ቆመ፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው በሁለት ዓመቱ ተዘጋ። የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ በንግዱ አልተሳሳትኩም።

ይቅርታ አልጠይቅህም። ይቅር ብያለሁ ብትለኝም አላምንህም። አንዱን ለኔሬይዳ አስቀርቼ አርባውን እልክልሃለሁ። ካስጠሉህ እንደ ሦስቱ ስበራቸው፤ በፊት ግን አንዱን ስማ። እኔ ዛሬ ሰማሁት። ሳቁ ጋ ስደርስ መርፌውን አነሣሁ። ዘፈኑ የተቀዳ ቀን ከስቱዲዮው መስታወት ኋላ ቆሞ ማን እንዳሳቀህ አንተና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው።

ድንግል ጉልበትህን ትጠግንልህ፤ አውቶብስህ ውስጥ ያሉትን ልጆች ትጠብቅልህ። ከልጅህ ሳትታረቅ ቀንህ አይምሽ።

ልጅህን ክርስትና ያነሣሁ አበልጅህ

ነገ እሑድ፦ ማጉያውን ከጠጋኙ ከኤፍራይን ቤት ማምጣት። ኔሬይዳ ከቅዳሴ በኋላ እንድትመጣ፣ የባሏንም አጎት ይዛ እንድትመጣ በስልክ ነግሬያታለሁ። በሩ ላይ ያለው የማጉያው ማንጠልጠያ ላልቷል፤ ሁለት ብሎን መግዛት።