ሳል ይዞ ጉዞ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ለበረራው ሁለት ቀን ሲቀረው

ለምወድሽ ልጄ፣ ለስንጥሬ፤

እንዴት ነሽ? ትንሿስ እንዴት ናት? ጡት በደንብ ትይዛለች? ባልሽስ እንቅልፍ አገኘ ወይስ አሁንም ቆሞ ያንቀላፋል? እኔ ደህና ነኝ። ምን ዓይነት ደህና እንደሆንኩ ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ፤ ስለዚህ አትዝለይ፣ ተራ በተራ አንብቢ። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ መጽሐፍ ከመጨረሻው ገጽ ነው የምትጀምሪው።

ይህን ወረቀት የሰጡሽ አማትሽ ናቸው። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሁለት ሰው ጠብቀሽ አንድ ሰው ሲወጣ፣ ከትከሻቸው በላይ እኔን ስትፈልጊ ይታየኛል። አትፈልጊኝ ልጄ፣ አልመጣሁም። ሳንባዬን አሞኛል። የሚድን ሕመም ነው፤ መድኃኒቱንም ጀምሬያለሁ። በስልክ ያልነገርኩሽ ስለማውቅሽ ነው። ብነግርሽ ወይ የሦስት ሳምንት ልጅ ታቅፈሽ ትመጪ ነበር፣ ወይ ታለቅሺና አንጀቴ አልችል ብሎ "እሺ እመጣለሁ" እልሽ ነበር። ሁለቱም አይሆንም።

ተነሥቼ መስኮቱን ከፍቼ መጣሁ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መስኮት ይከፈት ብላኛለች። እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት እኔና አማትሽ ያንን በኢንተርኔት የሚሞላ የጉዞ ፈቃድ ለማመልከት ጸሐፊዋ ዘንድ ሄድን። ጸሐፊዋን ታስታውሻታለሽ፤ ከፎቶ ቤቱ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ኮምፒዩተር ዘርግታ የሰው ማመልከቻ የምትሞላዋ፣ ጣቷን ሳታይ የምትጽፈው። አንቺ አስቀድመሽ መክረሽኛል። "አባዬ፣ መጨረሻ ላይ ጥያቄዎች አሉ፤ ሁሉንም 'አይ' በል። ማንም 'አዎ' አይልም" ነበር ያልሽኝ። ቀላል ነገር መሰለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ለደንበኛ "ቁም ሣጥንዎ ነገ ይደርሳል" ስል የኖርኩ አናጢ፣ አንድ "አይ" ያቅተኛል?

አማትሽ ቀደሙ። ፎቷቸው በአንድ ጊዜ አለፈ። የእኔ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። መጀመሪያ መነጽርህን አውልቅ ተባልኩ፣ ቀጥሎ ጥላ አለ ተባለ፣ በሦስተኛው ኮምፒዩተሩ ፊቴን ጭራሽ አላየውም አለ። ጸሐፊዋ ጠጋ ብላ አየችኝና ቅንድቤ በሙሉ ሰጋቱራ መሆኑን ነገረችኝ፤ በሶፍት ጠረገችልኝ። አማትሽ "የኔ ልጅ እኮ ለፎቶ አንደኛ ነው" አሉ። ምን አገናኘው? እሳቸው ስለ ዝናብ ብታወሪያቸውም ልጃቸውን ሳያነሡ አያልፉም።

ከዚያ ጥያቄዎቹ መጡ። ጸሐፊዋ ታነባለች፣ እኔ እመልሳለሁ። ተፈርዶብዎት ያውቃል? አይ። ከሌላ አገር ተባርረው ያውቃሉ? አይ። ሐሰተኛ ሰነድ ተጠቅመው ያውቃሉ? አይ። እየጣፈጠኝ መጣ፤ ለካ እንዲህ ንጹሕ ሰው ኖሬያለሁ አልኩ በልቤ። "የሳንባ ነቀርሳ አለብዎት?" አለች። "አይ" ብዬ አፌን ሳልገጥም ሳሉ መጣ። ጠረጴዛውን ይዤ ሳልኩ፣ ተነሥቼ ሳልኩ፣ ወደ ግድግዳው ዞሬ ሳልኩ። ሳል ይዞ ስርቆት ሲባል ስሰማ ነው የኖርኩት፤ ሲደረግ ያየሁት ግን በራሴ ነው። ጸሐፊዋ ጣቶቿን አንሥታ ጠበቀችኝ። "ሰጋቱራ ነው" አልኳት። እሷም "አይ" የሚለውን ነካችውና አለፍን።

አማትሽ አልሳቁም።

መንገድ ከወጣን በኋላ ከመቼ ጀምሮ እንደምስል ጠየቁኝ። ትንሽ ቀን ነው አልኳቸው። እውነቱ አራት ወር ነው። ሌሊት አንሶላዬ በላብ ይርስ እንደነበርም አልነገርኳቸውም። ቀበቶዬ ሰፍቶኝ በመሰርሰሪያ አዲስ ቀዳዳ ከበሳሁለት ሁለት ወር አልፎት ነበር፤ ይሄንንም ለማንም አላወራሁም። እናትሽ ብትኖር ቀዳዳውን በመጀመሪያው ቀን ታየው ነበር። አማትሽ ቆሙና፣ መንገደኛ እያለፈን፣ እንዲህ አሉኝ፦

"ባለቤቴ ቀለም ቀቢ ነበር። ሲስል 'የቀለሙ ሽታ ነው' አለኝ፤ ዓመት ሙሉ አመንኩት። እርስዎን ግን አላምንዎትም።"

ተናደድኩ። የሰው ሳል ከሚቆጥሩ ሻንጣዎን ያሰናዱ ብዬ ትቻቸው ሄድኩ። ይህን የጻፍኩልሽ እሳቸው እንደማይነግሩሽ ስለማውቅ ነው። እስካሁን አፍርበታለሁ።

የእሳቸው ፈቃድ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጣ። የእኔ አደረ። በማግስቱ ጠዋት ጸሐፊዋ ደውላ "አባባ፣ ጸድቋል፤ ሁለት ዓመት ይሠራል" ስትለኝ መላጊያዬን እንደያዝኩ እየሮጥኩ ሄድኩ። ወረቀት አያስፈልግም ብትለኝም አሳትሜ ወርክሾፕ ውስጥ ከመሥሪያ ጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። የመጣ ደንበኛ ሁሉ እንዲያነበው አደረግሁ። "የልጅ ልጄን ላያት ነው" ስል ነው የዋልኩት።

ከዚያ በኋላ ግን ዕረፍት የሚባል ነገር ጠፋ። ወረቀቱን አነሣዋለሁ፣ መልሼ እለጥፈዋለሁ። እቀመጣለሁ፣ መቀመጫዬ እሾህ ይሆንብኛል፤ እነሣለሁ፣ ለምን እንደተነሣሁ ይጠፋኛል። ለትንሿ የምሠራውን አልጋ እግር ስቆርጥ ሁለት ጣት አሳጠርኩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ዓይነት ስሕተት ሠርቼ አላውቅም። አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ "ገና ሳትሳፈር ልብህ በረረ" ብሎ ቀለደብኝ። እኔም ሳቅሁ። ልቤ ግን የት እንዳለ አውቀዋለሁ፤ ጸሐፊዋ ዘንድ፣ ወንበሩ ላይ፣ ያቺን "አይ" ይዞ ቁጭ ብሏል።

በአራተኛው ቀን አንቺ ደወልሽ። ትንሿን ወደ ስልኩ አስጠግተሽ "አያትሽን ቶሎ ና በዪው" አልሽ። አፏን ከፍታ አዛጋች፤ ያቺን ጥርስ የሌላት አፏን እያየሁ ሳሉ መጣብኝ። ሳላስበው ስልኩን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። አንቺ "አባዬ ተቋረጥክ" አልሽኝ፤ እኔም ኔትወርክ ነው አልኩሽ። አልነበረም፣ ልጄ። ሳል በስልክ እንደማይተላለፍ አውቃለሁ። እጄ ግን ከእኔ ቀድሞ አውቆ ነበር። በዚያው ቅጽበት ታየኝ፤ ሳሎናችሁ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ እሷን ታቅፌ፣ ስልክ እንደማዞረው የማዞራት ቦታ አጥቼ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አክታ ሰጠሁ፣ ራጅ ተነሣሁ፣ ሁለት ቀን ጠብቅ ተባልኩ። እነዚያን ሁለት ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አትጠይቂኝ። ነርሷ ውጤቱን ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም፤ ወደድኳት። ስድስት ወር መድኃኒት፣ በየቀኑ፣ አንድም ቀን ሳይዘለል አለችኝ። ከዚያ እነማን አጠገቤ እንደቆዩ ጠየቀችኝ። ጓደኛዬን ነገርኳት፣ ጸሐፊዋን ነገርኳት። አማትሽን መጨረሻ ላይ ነገርኳት። ለካ እኔ የራሴን ጉዞ ብቻ ሳይሆን የእሳቸውንም ይዤ ልጠፋ ነበር።

ቤታቸው ሄጄ፣ አፌን ሸፍኜ፣ ደጃቸው ላይ ቆሜ ነገርኳቸው። አልሰደቡኝም፣ አልመከሩኝም፤ ነጠላ ጫማቸውን በጫማ ቀይረው "እንሂድ" አሉ። ተመረመሩ። ነጻ ናቸው፤ ጓደኛዬም ጸሐፊዋም ነጻ ናቸው። አማትሽ የሐኪሙን ወረቀት በቦርሳቸው ይዘዋል፣ ጠይቂያቸው። ያለ ሥጋት ትንሿን ያቅፉ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ጸሐፊዋ ዘንድ ተመለስኩና ያቺን መልስ አስተካክይልኝ አልኳት። እጇን ከመጻፊያው አነሣች።

"አባባ፣ ፈቃዱ እኮ እጅዎ ላይ ነው። አይሄዱም፣ አለቀ። ለምን ያበላሹታል?"

ጻፊ ብቻ አልኳት። አሁን ሳስበው፣ ያቺ ወረቀት ግድግዳው ላይ እያለች እኔ ራሴን አላምነውም ነበር። አንድ ቀን ሳሉ ቀለል ሲለኝ፣ አንቺም "አባዬ ናፈቅኸን" ስትዪኝ፣ መድኃኒቱን ኪሴ ከትቼ እሳፈር ነበር። እውነት እልሻለሁ፣ እሳፈር ነበር። መልሱ ትናንት መጣ። ፈቃዱ ተሰርዟል፤ ሕክምናውን ሲጨርሱ የሐኪም ማስረጃ አያይዘው እንደገና ያመልክቱ ይላል። ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ አነሣሁት። ቦታው ባዶ ሲቀር በሰጋቱራው መሐል ተቀምጬ አለቀስኩ። ይኸው ነገርኩሽ።

ተነሥቼ በጓሮ ትንሽ ተንቆራጠጥኩና ተመለስኩ። አሁን ስለ አልጋው።

እሑድ ዕለት "ሻንጣው ተዘጋጀ ወይ?" ብለሽኝ "ተዘጋጀ" ያልኩሽ ውሸት አይደለም፤ የአማትሽን ሁለተኛ ሻንጣ ማለቴ ነው። የራሳቸውን ልብስ ግማሹን አውጥተው የትንሿን አልጋ ፈታትቼ እንድከትበት ሰጡኝ። ስንት ጊዜ እንዳማኋቸው ታውቂያለሽ፤ ሁሉንም አንሥቻለሁ። አልጋው አንድም ምስማር የለውም፤ እርስ በርሱ የሚገባ ነው። በእያንዳንዱ እንጨት ላይ በእርሳስ ቁጥር ጽፌበታለሁ፤ ከአንድ እስከ ዐሥራ አራት ተከትላችሁ ግጠሙት። ባልሽ መዶሻ እንዳያነሣበት ንገሪው፤ አማትሽ "ልጄ ባለሙያ ነው" ቢሉም እንኳ አይንካው። ያጠረውን እግር ጥዬ ሌላ ሠርቻለሁ። እንጨቱ ሕመሜን ይወስድባት ይሆን ብዬ ነርሷን ሁለት ጊዜ ጠየቅኋት። በሁለተኛው ሳቀች። "አባባ፣ እንጨት አይታመምም" አለችኝ። ቢሆንም በንጹሕ ጨርቅ ወልውዬ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አውዬዋለሁ።

አማትሽ ቀድመውኝ ያቅፏት። ቅናት የለብኝም ብልሽ አታምኚኝም፤ አለብኝ። "ቁርጥ ልጄን" ሲሉሽ ግን ዝም በያቸው። አፍንጫዋ የእናትሽ እንደሆነ እኔና አንቺ ካወቅን ይበቃል።

እኔን አታስቢ። የምበላው አለኝ፣ ጓደኛዬም በየቀኑ ብቅ ይላል፤ ከመስኮቱ ውጭ ቆሞ ያወራኛል። ማታ ማታ ትንሽ እፈራለሁ፤ ግን ይሄ ከሕመሙ ይልቅ የብቸኝነት ሳይሆን አይቀርም። የራሴን ሻንጣ አልፈታሁትም። በሩ አጠገብ ነው፤ ስወጣ ስገባ እግሬን ይመታኛል፣ ይምታኝ ብዬ ትቼዋለሁ።

"አይ በል" ስላልሽኝ ራስሽን እንዳትወቅሺ። አንቺ ሳሌን መች ሰማሽ? በደወልሽ ቁጥር ስልኩን ሸፍኜ ነበር የምስለው።

ያደረሰሽ አምላክ ያሳድግልሽ። ጡትሽ አይንጠፍ፣ ጎጆሽ አይቀዝቅዝ። ትንሿ በእግሯ ስትሄድ እኔም በእግሬ መጥቼ ልያት። አማትሽንም በሰላም ያድርስልኝ፤ ካፖርት ይዘሽላቸው ውጪ፣ ይበርዳቸዋል።

ስድስት ወር እንደምንም ይገፋል። ያኔ ጸሐፊዋ ዘንድ ሄጄ፣ ቅንድቤን አራግፌ እቀመጣለሁ። ጥያቄዎቹን ከመጀመሪያው ታነብልኛለች። ያቺ ጥያቄ ጋ ስትደርስ ጣቶቿን አንሥታ ትጠብቀኝ ይሆናል። "አይ" እላታለሁ፤ ሳልስል ወደሚቀጥለው እናልፋለን።

አባትሽ፣ አናጢው